ችካሉ ይይዛል እንጂ አጥንቱን አያስቸኩልም

ከአንድ የሕክምና ተማሪ

በዚህ ዓመት በማኅበራችን አባላት መካከል ጥርስን በሽቦ የማስተካከል ጉዳይ ብዙ መነጋገሪያ ሆኖ ሰንብቷል። ምክንያቱም የታወቀ ነው። አገር ቤት ሳለን ያላገኘነውን ወይም ዋጋው ያልተቀመሰውን ሕክምና እዚህ በየወሩ በሚከፈል ገንዘብ ማግኘት ተችሏል። ከዚህም ጋር በአንዳንድ ክሊኒኮች በር ላይ አዲስ ማስታወቂያ መለጠፍ ጀምሯል፤ በመንጋጭላ አጥንት ላይ በሚተከል ብሎን አማካይነት ጥርስ በስድስት ወር ይስተካከላል የሚል ነው። ማስታወቂያውን ይዞ «አንተ ሕክምና ትማር የለም እንዴ? ይህ ነገር እውነት ነውን?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አንድና ሁለት አይደለም። ለእያንዳንዱ በየመተላለፊያው ከመመለስ ይልቅ ሐሳቤን በማኅበራችን ልሳን ላይ ማቅረቡን መረጥሁ።

አስቀድሜ አቋሜን ልግለጽ። የአጥንት ብሎን እውነተኛና ጠቃሚ የሕክምና ግኝት ነው። ሆኖም ብሎኑ የሚፈታው አንድ ችግር ነው፤ እሱም የመያዣ ችግር ነው። የጊዜውን ጥያቄ የሚወስነው አጥንቱ ነው። ይህን ልዩነት ሸፍኖ ሕክምናውን መሸጥ ማንንም ይጎዳል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን የስኮላርሺፑና የመኖሪያ ፈቃዱ ማብቂያ ቀን በወረቀት ተጽፎ የተሰጠውን ተማሪ ይጎዳል። ይህን ለማስረዳት መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ሀ. ችግሩ ከየት ይነሣል?

ኒውተን እንዳስተማረን ማንኛውም ኃይል እኩልና ተቃራኒ የሆነ አጸፋ አለው። ይህ ሕግ በአፍ ውስጥም ይሠራል። የፊት ጥርሶቹ ወደ ውጭ የወጡበትን ሰው እንውሰድ። ሐኪሙ ከክራንቻው ቀጥሎ ያለውን አንድ ጥርስ በየወገኑ ይነቅልና ወደ 7 ሚሊሜትር የሚሆን ክፍት ቦታ ያገኛል። ከዚያም የፊት ጥርሶቹን ወደዚህ ቦታ ለመሳብ ሽቦውን ከኋላ ካሉት መንጋጋዎች ጋር ያስራል። ነገር ግን ገመድ እንደሚጓተቱ ሁለት ወገኖች፣ የፊቶቹ ወደ ኋላ ሲሳቡ የኋላዎቹም ወደ ፊት ይሳባሉ። መንጋጋዎቹ በመጡ ቁጥር ለፊት ጥርሶች የታሰበው ቦታ በከንቱ ይዘጋል። ሰውየው ሁለት ጤነኛ ጥርስ አስነቅሎ የፊቱ ቅርጽ እንደነበረ ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

የቀድሞዎቹ ሐኪሞች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ መያዣውን ከአፍ ውጭ ማድረግ ነበር። በራስ ወይም በአንገት ጀርባ የሚዞር ማሰሪያ ለበሽተኛው ይሰጡና በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዲያደርገው ያዝዙታል። ውጤቱም በበሽተኛው ትዕግሥት ላይ ይወድቃል። ማሰሪያውን እያወለቀ የሚተኛ ሰው ውጤት አያገኝም።

የሙያው ሰዎች ይህን መያዣ መልሕቅ ይሉታል። እኛ በቅሎውንም ጥጃውንም የምናስረው በችካል ነውና ችካል ማለቱ ይቀርበናል። ጥያቄው እንግዲህ የማይንቀሳቀስ ችካል የት ይገኛል የሚል ነው። መልሱም ከጥርሱ አልፎ በአጥንቱ ላይ መትከል ነው።

ለ. ብሎኑ እንዴት ተገኘ?

በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። በ1945 ጌንስፎርዝና ሂግሊ የተባሉ አሜሪካውያን ቫይታሊየም ከሚባል ቅይጥ ብረት የተሠሩ ብሎኖችን በውሾች መንጋጭላ ላይ ተከሉ። ብሎኖቹ ሁሉ ከ16 እስከ 31 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ወለቁ። ከዚያ በኋላ በ1950ዎቹ ስዊድናዊው ብሬኔማርክ ቲታኒየም ከሕያው አጥንት ጋር አጥብቆ እንደሚያያዝ በጥንቸሎች ላይ ተመለከተ፤ በ1965ም የመጀመሪያውን ሰው በዚህ መንገድ አከመ። በ1983 ክሪክሞርና ኤክለንድ በአንዲት ታካሚ አፍንጫ ሥር አንዲት ብሎን ተክለው ወደ ታች የረዘሙትን የላይኛ የፊት ጥርሶች ወደ ላይ ለመሳብ ቻሉ። በ1997 ጃፓናዊው ካኖሚ ውፍረቱ 1.2 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 6 ሚሊሜትር የሆነ ብሎን ለዚህ ሥራ ማዋሉን አስታወቀ። በ1999 ደግሞ ሌሎች ጃፓናውያን በመንጋጭላ ላይ በሚታሰር የቲታኒየም ሳህን በመጠቀም የኋላ ጥርሶችን ወደ አጥንቱ አስገብተው የማይገጥሙ የፊት ጥርሶች እንዲገጥሙ አደረጉ። ይህ ቀደም ሲል ብዙውን ጊዜ መንጋጭላን በቀዶ ሕክምና መቁረጥ ይጠይቅ የነበረ ነው።

ዛሬ የሚሠራባቸው ብሎኖች ውፍረታቸው ከ1.2 እስከ 2 ሚሊሜትር፣ ርዝመታቸው ከ6 እስከ 12 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በጥቂት ማደንዘዣ በደቂቃዎች ውስጥ ይገባሉ፤ ሥራቸውን ሲጨርሱም ይወጣሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ የሚያስመሰግንም ነው። ታዲያ እኔን የሚያከራክረኝ ምንድን ነው? ችካሉ ሲተከል መሬቱ መረሳቱ ነው።

ሐ. አጥንቱ ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው ጥርስ በአጥንት ውስጥ የገባው ሚስማር በግንድ ውስጥ እንደሚገባ አድርጎ ያስባል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ጥርስን ማንቀሳቀስ ባልተቻለ ነበር። በጥርሱ ሥርና በአጥንቱ መካከል 0.2 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለው ጅማት አለ። ጥርሱ በአንድ ወገን ሲገፋ በዚያ ወገን ያለው ጅማት ይጨመቃል፤ በሌላው ወገን ያለው ይወጠራል። በተጨመቀው በኩል ኦስቲኦክላስት የሚባሉ አፍራሽ ሕዋሳት መጥተው አጥንቱን ይቦረቡራሉ። በተወጠረው በኩል ኦስቲኦብላስት የሚባሉ ገንቢ ሕዋሳት አዲስ አጥንት ይሠራሉ። ጥርሱ የሚሄደው በፊቱ ያለው ግድግዳ ሲፈርስለትና በኋላው አዲስ ግድግዳ ሲሠራለት ነው። የአጥንት እድሳት የምንለው ይህ ነው፤ በእግርም በእጅም አጥንት ላይ ዕድሜያችንን ሙሉ ይካሄዳል።

ከዚህም የሚያስደንቀው የሁለቱ ሕዋሳት ግንኙነት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደታወቀው፣ ራንክል የተባለውን ፕሮቲን አውጥተው አፍራሾቹ እንዲበረክቱ የሚያዝዙት ከገንቢዎቹ ወገን የሆኑ ሕዋሳት ናቸው። ማፍረስና መገንባት ተቃራኒ ቢመስሉም በአንድ ትእዛዝ የሚመሩ የአንድ ሥራ ሁለት ገጾች ናቸው። አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማየት አይቻልም።

ታዲያ በብርቱ ብንጎትተው አይፈጥንምን? ለዚህ ጥያቄ ስዊድናዊው ሳንድስቴት በ1904 በውሻ ላይ ባደረገው ምርመራ መልስ ሰጥቷል። ኃይሉ ቀላል ሲሆን አጥንቱ ከጥርሱ ፊት ለፊት በሥርዓት ይፈርሳል። ኃይሉ ሲበዛ ግን በጅማቱ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጨፈለቃሉ፤ ሥፍራው ሕዋስ አልባ ሆኖ እንደ ብርጭቆ የጠራ ይመስላል። አፍራሽ ሕዋሳት ወደዚያ የሚደርሱበት መንገድ ስለሌላቸው በስተጀርባ ዞረው አጥንቱን ከሥር መቦርቦር አለባቸው። ጥርሱም በዚህ ጊዜ ለሳምንታት ባለበት ይቆማል። በ1932 ሽዋርዝ ተገቢው ግፊት በካሬ ሴንቲሜትር ከ20 እስከ 26 ግራም እንደሆነ ጻፈ፤ ይህም በጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ካለው ግፊት ጋር የሚቀራረብ ነው። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ክርክር ቢነሣበትም መሠረታዊው ሐሳብ እስከ ዛሬ ጸንቷል። ከመጠን በላይ የሆነ ኃይል የጥርሱን ሥር ጫፍ እስከ መብላት ሊደርስ ይችላል። ያጠረ ሥር ደግሞ ተመልሶ አይረዝምም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፤ ልዩነቱ የፈሰሰው የጥርስ ሥር አለመለቀሙ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ብሎኑ ራሱ የተተከለው በዚሁ በሚታደሰው አጥንት ውስጥ ነው። ሲገባ የሚይዘው ጥርሱ አጥንቱን በመንከሱ ብቻ ነው። በሚቀጥሉት ሳምንታት የቆሰለው አጥንት ይፈርስና በአዲስ ይተካል፤ በአሮጌው መፍረስና በአዲሱ መድረስ መካከል ያለው ጊዜ አደገኛ ነው። በዚያ ላይ ድዱ ካበጠ፣ አጥንቱ ስስ ከሆነ፣ ወይም ብሎኑ የጥርስ ሥር ከነካ ይላላል። በ2012 የታተመና ወደ 5000 የሚጠጉ ብሎኖችን የተመለከተ ጥቅል ጥናት 13.5 ከመቶው እንደከሸፉ አሳይቷል። ከሰባት ወይም ከስምንት ብሎኖች አንዱ ማለት ነው። የላላ ብሎን አውጥቶ ሌላ ሥፍራ መትከል ይቻላልና ይህ ሕክምናውን የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን ተከታታይ ሐኪም እንደሚያስፈልግ ያረጋግጣል።

መ. ስለ «ስድስት ወር»

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። በተገቢው ኃይል የሚሳብ ጥርስ በአማካይ በወር ወደ 1 ሚሊሜትር ይጓዛል። ከላይ የጠቀስሁት የ7 ሚሊሜትር ክፍተት ለመዘጋት ብቻ ሰባት ወር ያህል ይፈልጋል። ከዚያ በፊት የተዛቡትን ጥርሶች በመስመር ለማሰለፍ፣ ከዚያም በኋላ የላይኛውንና የታችኛውን በትክክል ለማግጠም ተጨማሪ ወራት አሉ። በ2016 ብዙ ጥናቶችን አጠቃልሎ የተሠራ ግምገማ አማካይ የሽቦ ሕክምና 19.9 ወር እንደሚፈጅ አግኝቷል።

ብሎኑ በዚህ ላይ ምንም ጊዜ አያድንም ለማለት አይደለም። መንጋጋዎቹ ወደ ፊት እየመጡ የሚባክነውን ቦታና ያንን ለማረም የሚጠፋውን ጊዜ ያድናል። ሆኖም የተበላሸን ጊዜ ማዳን አንድ ነገር ነው፤ የአጥንቱን ፍጥነት መለወጥ ሌላ ነገር ነው። በንዝረት ወይም በብርሃን ጥርስን እናፋጥናለን ስለሚሉት መሣሪያዎችም በ2015 የታተመው የኮክሬን ግምገማ ይህን የሚደግፍ በቂ ማስረጃ እንዳላገኘ ገልጿል። እርግጥ ጥቂት የተጣመሙ የፊት ጥርሶች ብቻ ያሉት ሰው በስድስት ወር ሊጨርስ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ግን ከመነሻውም ብሎን አላስፈለገውም።

ሠ. ተማሪውና የቀን መቁጠሪያው

ጉዳዩ በተለይ እኛን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ዓመት የቀረው ተማሪ ዛሬ ሽቦ ቢያስገባ ለሕክምናው የሚበቃው ጊዜ አለው። ስምንት ወር የቀረው ግን «በስድስት ወር ያልቃል» በሚል ተስፋ ሁለት ጤነኛ ጥርስ አስነቅሎ፣ ክፍተቱ ሳይዘጋ፣ ብሎኑን በላንቃው ላይ እንደያዘ አውሮፕላን ይሳፈራል። ሽቦው ከወጣም በኋላ ነገሩ አላበቃም። አዲሱ አጥንት ገና ያልበሰለ ነው፤ የድዱ ጅማቶችም ወደ አዲሱ ቦታ ለመላመድ እስከ አንድ ዓመት ሊፈጅባቸው ይችላል። ስለዚህ ጥርሶቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው እንዳይመለሱ ማቆያ ማድረግ ግዴታ ነው፤ ማቆያውንም የሚመለከት ሐኪም ያስፈልጋል።

ከመካከላችን አንድ ወንድም ለክረምት ዕረፍት አገር ቤት እንደገባ ብሎኑ ላልቶ ድዱ አበጠበት። የሄደበት ሐኪም ሙያው አልጎደለውም። የጎደለው መረጃ ነበር፤ ብሎኑ መቼ እንደተተከለ፣ ምን ያህል ርዝመት እንዳለው፣ ምን ያህል ኃይል እንደታሰረበት የሚገልጽ አንዲት ወረቀት በሽተኛው እጅ አልነበረም። ሐኪሙ ብሎኑን አውጥቶ ቁስሉን ከማከም ሌላ የሚያደርገው አልነበረውም። ወንድማችን ሲመለስ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ተጀመረ፤ ክፍያውም እንዲሁ።

ረ. ሁለት የተሳሳቱ አስተያየቶች

በመካከላችን በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት አስተያየቶች ይሰማሉ። ሁለቱም መልስ ይሻሉ።

የመጀመሪያው «ይህ የሀብታም ቅንጦት ነው፤ ሐኪም በጎደለበት አገር የሚማር ተማሪ በጥርስ ውበት ላይ ጊዜውን ማጥፋት የለበትም» ይላል። ለመልክ ብቻ የሚደረገውን በተመለከተ ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ ይዞ የተወለደ ሕፃን፣ በመኪና አደጋ ጥርሱና መንጋጭላው የተጎዳ ወጣት፣ አፉ ባለመግጠሙ እንጀራ ቆርሶ ማኘክ የተሳነው ሰው ቅንጦት ፈላጊዎች ናቸውን? የአጥንት ችካል ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው እነዚህን ነው። ይህን ሙያ ቅንጦት ነው ብሎ መተው ለሀብታሙ ብቻ እንዲቀር መፍረድ ነው።

ሁለተኛው አስተያየት ተቃራኒውን ይላል፤ «መሣሪያውን ገዝተን፣ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስደን አገር ቤት እንግባ» ይላል። ብሎን ማስገባት በሁለት ቀን ይለመድ ይሆናል። መቼ ማስገባት እንደማይገባ ማወቅ ግን አጥንቱን ማወቅ ይጠይቃል። ለአጥንት መሳሳት አሌንድሮኔት የምትወስድ እናት መድኃኒቱ ከአጥንቷ ውስጥ ለዓመታት አይወጣም፤ የአፍራሾቹን ሥራ ስለሚገታም ጥርሷን ማንቀሳቀስ ከባድና አስጊ ነው። ስኳሩ ያልተስተካከለ በሽተኛ ድዱ ይቆጣል፤ አጥንቱም ያልቃል። ሕመም በተሰማው ቁጥር ኢቡፕሮፌን የሚውጥ ተማሪ የጥርሱን ጉዞ ሊያዘገየው ይችላል። እነዚህ ሁሉ የሕክምና ጥያቄዎች ናቸው። በ1840 በባልቲሞር የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ለብቻው ከተቋቋመ ወዲህ ጥርስና ሌላው አካል በተለያየ ሕንፃ እየተማሩ መጥተዋል። አጥንት ግን የሁለቱን ሕንፃ አጥር አያውቅም። እኔም የጥርስ ሐኪም ሳልሆን ብዕር ያነሣሁት ስለዚህ ነው።

በአገራችን ደግሞ ይህ ነገር የራሱ መልክ አለው። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ሥፍራ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ውሃ ሲጠጣ ኖሯል። በወንጂ የስኳር እርሻ እንዲህ ያለውን ውሃ ለረጅም ዓመታት በጠጡ ሠራተኞች ላይ የጥርስ መበለዝ ብቻ ሳይሆን የአከርካሪና የመገጣጠሚያ መድረቅ እንደደረሰ በሕክምና ጥናቶች ተመዝግቧል። ፍሎራይድ የበዛበት አጥንት በራጅ ሲታይ የጠጠረ ቢመስልም ተሰባሪ ነው። ክፉኛ በበለዘ ጥርስ ላይም የሽቦው ማጣበቂያ ቶሎ ይላቀቃል። ብሎኑን የሠራው ፋብሪካ የለካው የሌላ አገር አጥንት ነው። ከመቂና ከዝዋይ የሚመጣውን በሽተኛ አጥንት የሚመረምረው የእኛ ሐኪም ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? መሣሪያ ብቻ ይዞ የገባ ሰው ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ እንኳ አይዘጋጅም።

ሰ. ምን ይደረግ?

ለማኅበራችን አባላት የማቀርበው ሐሳብ አራት ነው።

1. ሽቦ ለማስገባት የሚያስብ ሁሉ መጀመሪያ የቀሩትን ወራት ይቁጠር። የሚቀረው ጊዜ ከሁለት ዓመት ካነሰ፣ ከመፈረሙ በፊት በማን እንደሚጨርስ ሐኪሙን ይጠይቅ። መልስ ከሌለ፣ በተለይም ጥርስ የሚነቀል ከሆነ፣ አይጀምር።

2. የጀመረ ሰው የራጁን፣ የጥርሱን ፎቶግራፍና የሕክምናውን ዕቅድ ግልባጭ በእጁ ይያዝ። ብሎን ከተተከለለት የተተከለበትን ቀን፣ ሥፍራውንና መጠኑን ያስጽፍ። ይህን መጠየቅ የበሽተኛ መብት ነው።

3. የሚወስደውን መድኃኒትና ያለበትን በሽታ ሁሉ ለጥርስ ሐኪሙ ይንገር። ሲጋራ የሚያጤስ ይተው። በብሎኑ ዙሪያ ያለውን ድድ በለስላሳ ብሩሽ በየቀኑ ያጽዳ። ብሎኑ ቢነቃነቅ በጣቱ አይነካካው፤ ወደ ሐኪሙ ይሂድ።

4. በሕክምናና በጥርስ ሕክምና ፋኩልቲ ያለን ተማሪዎች በማኅበሩ ሥር አንድ የጥናት ቡድን እናቋቁም። በወር አንድ ምሽት ስለ አጥንት እድሳት በጋራ እናንብብ፤ ውል ሊፈርም የሚያስብ አባል ካለም ወረቀቱን ይዞልን ይምጣ፤ አንብበን የገባንን በአማርኛ እንንገረው። ብዙ ሰው የሚፈርመው በማያነበው ቋንቋ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ብሎኑ ነገ ከዛሬ ይረክሳል፤ ከነገ ወዲያም አዲስ ዓይነት ይመጣል። አጥንቱ ግን ሳንድስቴት በ1904 ባየው መንገድ መፍረሱንና መገንባቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ለስኮላርሺፕ ዓመታችን የሚገባው ትምህርት የትኛው እንደሆነ መምረጥ አያስቸግርም። ይህን ሐሳብ የሚቃወም ወንድም ወይም እኅት ካለ በሚቀጥለው እትም መልሱን ያቅርብ፤ ክርክሩ ሁላችንንም ይጠቅማል። የጥናት ቡድኑን የሚፈልግ ደግሞ ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ።